ለማንቃት የተቀጠረው ሰው

የፈለቀን ሞት በስልክ ሰማሁ። የደወለችልኝ ድሮ እዚህ ጋምቤላ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የነበረች፣ ኋላ እንደ ፈለቀ ወደ ደጋ የተዛወረች ሴት ናት። «ጋሽ በየነ፣ ልቡ ነው አሉ። እንቅልፍ ላይ እንዳለ ነው ያረፈው» አለችኝ። «ሰው ሲያስተኛ ኖሮ ተኝቶ ቀረ» ብላ ጨመረች። ይህን አባባል እኔ ዘንድ ከማድረሷ በፊት ለብዙ ሰው እንዳሰማችው ከድምፅዋ ያስታውቃል። በዚያው ሳምንት ከባጃጅ ነጂውም፣ ከፋርማሲው ሰውም፣ ከቄሱም ሰማሁት። ሁሉም ራሱ የፈጠረው ይመስለዋል። ለቅሶ ላይ እንኳ ቀልድ የምንኮርጅ ሰዎች ነን።

ስለ ፈለቀ የሚጻፍ ከሆነ መጻፍ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ልኩራራ ብል ምክንያት አላጣም። ትምህርት ቤት የገባሁት የትምህርት ቤቱን ጄነሬተር ለመጠገን ብቻ ነው። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ዜና መጀመሪያውን አውቃለሁ፣ መጨረሻው ሌላ ሰው ቤት ሄዷል። አኝዋክኛንም ኑዌርኛንም መምህር አላስተማረኝም። ገበያ ቆሜ፣ ተከራክሬና ተሰድቤ ነው የተማርኩት። ስድብ ሰዋስውን በቶሎ ያስይዛል። የጥገና ቤቴ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ስለሆነች፣ ሐኪምና ሕመምተኛ መግባባት ባቃታቸው ቁጥር «በየነን ጥሩት» ይባላል። እንግዲህ ፈለቀን ከማንም ቀርቤ ያወቅሁት በዚህ ነው፤ እሱ ሕመምተኛውን ሲያናግር መሃል ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

ሥራው ሰመመን መስጠት ነው። ከተማው «አስተኚው» ይለዋል። ቀጭን፣ ፀጉሩ ያለ ጊዜው የሸበተ፣ ሲሄድ እጁን ወደ ኋላ የሚያጣምር ሰው ነበር። ቀዶ ሕክምና በደኅና ሲያልቅ ዘመድ አዝማዱ ቀዶ ሐኪሙን ያቅፋል፣ ይመርቃል፣ ፍየል የሚያመጣም አለ። ፈለቀን ያየ እንደሆነ፣ «አንተም በርታ» ይለዋል። አንድ ቀን ይህ አያናድድህም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ምን ያናድደኛል?» አለኝ። «እኔን የሚያስታውሱኝ ሰው ሳይነቃ ሲቀር ነው። ባያስታውሱኝ ይሻላል።»

ሌላም አባባል ነበረው። ሰው «አስተኚው» ብሎ ሲጠራው፣ «ማስተኛትማ ዱላም ያስተኛል። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማንቃት ነው» ይል ነበር። ይህን የሚለው ሳይስቅ ስለሆነ አዲስ ሰው ይደነግጣል።

ሰው ሲጨብጥ እጁን ቶሎ አይለቅም። ሁለት ጣቶቹ ከእጅ አንጓህ ላይ ይቀራሉ፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ባሮ ሙላት እያወራህ እሱ ልብህን ይቆጥራል። ሲጨርስ፣ «ጨው ቀንስ» ወይም «ትናንት አልተኛህም» ብሎህ ይሄዳል። አንዲትን መምህርት በተደጋጋሚ እጇን ይዞ ስለታየ ወደዳት ተብሎ ወሬ ተነዛ። እናቷ ሳይቀሩ ደስ ብሏቸው ነበር። መምህርቷ የደም ግፊት ነበረባት።

ሰውን ማየት የሚጀምረውም ከአንገቱ ነው። አንገትህ ረዥም ነው አጭር፣ አፍህ ምን ያህል ይከፈታል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ አለህ ወይ፣ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለህ ሻይ ስትጠጣ ያጠናሃል። ለእኔ፣ «ጋሽ በየነ፣ እርስዎ ለማስተኛት አስቸጋሪ ሰው ነዎት። አንገትዎ አጭር ነው፣ አፍዎ ደግሞ አይዘጋም» ብሎኛል። እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት። ለማስተኛት የሚያስቸግር ሰው የነቃ ሰው ነው።

እንዲህ እያልን ሳለ ኮሮና መጣ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ፈለቀ እጁ የተቆረጠ ሰው መሰለ። ሰው ሁሉ አፉንና አንገቱን ሸፈነ፤ «ከተማው ጠፋብኝ» አለ። ሌሎቻችን ግን ወዲያው ሥርዓት ይዘን ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ከሥሩ ውሃ የሌለበት በርሜል ተቀመጠ። ግብረ ኃይል ተቋቋመ። አባላቱ ሰው ከሰው ስለሚርቅበት ሁኔታ ለመወያየት በአንዲት ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ዋሉ። ሲወጡ ላባቸውን እየጠረጉ አንድ ውሳኔ አነበቡልን፤ አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ እስከ ሌላ ትእዛዝ ይቁም። አጣዳፊ ማለት ዛሬ የሚደማ፣ ዛሬ የሚወለድ፣ ዛሬ የሚፈነዳ ነው። ካንሰር ዛሬ ስለማይደማ ከማያጣድፉት መሃል ገባ።

ፈለቀ ማስታወቂያውን ሰሌዳው ላይ አነበበውና፣ «ካንሰሩ ግልባጭ ደርሶታል?» ብሎ ጠየቀ። 

ያንን ጥያቄ የጠየቀው በኛቡል ምክንያት ነው። ኛቡል ኒውላንድ ሰፈር የምትኖር፣ ከኢታንግ ዓሣ እያመጣች በሳፋ ተሸክማ ገበያ የምትሸጥ የኑዌር ሴት ናት። ቀደም ብዬ ስድብ ሰዋስው ያስይዛል ስል ከአስተማሪዎቼ ዋነኛዋ እሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሳፋ ነው። ጡቷ ውስጥ እብጠት ካገኘች በኋላ ለወራት ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔ የነገረችኝ ዓሣ ስመርጥ ነው፣ ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ። ይዤያት ገባሁ። ቀዶ ሐኪሙ፣ ገና ወጣት፣ ፈጣን እጅና ፈጣን ምላስ ያለው ልጅ ነው፣ መርምሮ ካንሰር ይመስላል፣ ከደረቷ አጥንት ጋር ሳይጣበቅ በቶሎ መውጣት አለበት አለ። ቀን ተቆረጠላት። ቀኑ ሳይደርስ ማስታወቂያው ወጣ። ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ እንላካት ሲባል እዚያም ያው ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ወረርሽኙ ሲያልፍ ትምጣ» ተባልኩ። ይህንን ስተረጉምላት፣ «እስከዚያ እብጠቱን ማን ጋ ላስቀምጠው?» አለችኝ።

ግብረ ኃይሉ የሚፈራው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ፈለቀ ራሱ አስረዳኝ። ሰውን በሙሉ ሰመመን ለማስተኛት ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ሲገባና ሲወጣ የሕመምተኛው ትንፋሽ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ኮሮና ካለባት ሁሉም ይካፈለዋል፣ መጀመሪያ የሚካፈለው ፊቱን አፏ ላይ የደቀነው ፈለቀ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ሁሉ ወደ ኮሮና ማዕከል ተወስዷል።

«ስለዚህ አላስተኛትም» አለኝ።

«ተውካት ማለት ነው?»

«አላስተኛትም አልኩ እንጂ አላደነዝዛትም አላልኩም።»

አሳቡ ይህ ነበር፤ ከጀርባዋ፣ ከአከርካሪዋ ጎን፣ ወደ ጡቷ የሚሄዱት ነርቮች ከሚወጡበት ቦታ ላይ በመርፌ ማደንዘዝ። ነቅታ፣ እያወራች፣ በራሷ ትንፋሽ እየተነፈሰች ትቀደዳለች። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ገባኝ፤ «ፊውዝ ነው» አልኩት። «ቤቱን ሁሉ ሳታጨልም የአንዱን ክፍል መብራት ማጥፋት።» ትንሽ አሰበና አዎ አለ። ከዚያ ወዲህ ለሕመምተኛ ሁሉ በዚህ ምሳሌ ነው ያስረዳው። የምሳሌውን ባለቤት ግን አንድም ቀን ጠቅሶ አያውቅም።

ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀበት። «ጡት? ነቅታ? እያየችኝ?»

«መጋረጃ እናደርጋለን» አለው ፈለቀ። «ካፈርክ ዓይንህን ጨፍን።»

ግብረ ኃይሉ ቱቦ የለም፣ ኦክስጅን አይጠየቅም ሲባል የሚከለክልበት አንቀጽ አጣ። አንቀጽ ሲያጣ ደግሞ ፈቀደ አይባልም፤ ዝም አለ። እኛ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ወሰድነው።

የቀረው ቤተሰቡ ነበር። በኛቡል ቤተሰብ ዘንድ ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። ዘመድ ይከበዋል፣ ያወራዋል፣ ስሙን ይጠራዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ አስታማሚ አንድ፣ ቀዶ ክፍል ውስጥ ማንም አይገባም ብሎ ደንግጓል። የባሏ ወንድም ጋትሏክ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና እጅግ ረዥም ሰው፣ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ መጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በአማርኛ ነው የተናገረው።

«አባባ በየነ፣ ይህ ሰውዬ ጥሩ ነው ትላለህ። እኛ ፊቱን አላየንም። ዓይን ብቻ ነው ያለው። በዓይን ብቻ ሰው ይሰጣል?»

ለፈለቀ ነገርኩት። ፈለቀ አልተከራከረም። ከእነሱ ርቆ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደና ማስኩን አወለቀ። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘመዶቿ ለረዥም ጊዜ አዩት። አንዳንዶቹ ተነስተው ከሌላ ወገን አዩት።

«ይህ ሰው ራሱ እንቅልፍ የለውም» አለ ጋትሏክ።

«ለሰው አከፋፍሎ ጨርሶ ነው» አለች ኛቡል። ሳቁ። የሳቀ ሰው ግማሽ መንገድ መጥቷል።

ፈለቀ ማስኩን መልሶ አጥልቆ መጣና ሁለት ነገር ቃል ገባ። አንደኛ፣ አላስተኛትም። ሁለተኛ፣ የቀዶ ክፍሉ መስኮት ይከፈታል፤ ዘመዶቿ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ሆነው ስሟን ይጠራሉ፤ እሷም ትመልሳለች። ጋትሏክ ተስማማ።

አንድ ነገር ግን ፈለቀን አላስተኛውም። «ኦክስጅን አያስፈልገኝም ብያለሁ» አለኝ፣ «ግን የማያስፈልገውን ነገር አጠገቡ ሳያቆም የሚጀምር የኔ ሙያ ሰው የለም።» በመላው ግቢ ነፃ የሆነች አንዲት ሲሊንደር ብቻ ነበረች። የት እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። በስጦታ የመጣች ናት፤ በርክክቡ ዕለት ቀይ ሪባን ታስሮባት ፎቶ ተነስቷል። ኮሮና ማዕከል ያሉት የግፊት መቆጣጠሪያዎች አፏ ላይ አልገጥም ስላሉ፣ ከነሪባኗ በስብሰባ አዳራሹ መግቢያ እንደ ሙሽራ ቆማ ነበር። ግብረ ኃይሉ ሲገባና ሲወጣ ያልፋታል። አንዳንዱ እጁን ያሳርፍባታል።

ፈለቀ በጠዋት ሪባኑን ፈታ፣ ሲሊንደሯን በጋሪ ጭኖ ጥገና ቤቴ አመጣት። ማገጣጠሚያ ሠራሁለት። እንዴት እንደሠራሁት ብጽፍ ግማሹ አንባቢ አይገባውም፣ ሌላው ግማሽ ይቀናል። አላፈሰሰችም፤ ይኸው በቂ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት እኔም ጋውን ለብሼ፣ ቆብ አድርጌ በኛቡል ራስጌ ቆምኩ። ያማርኩ መሰለኝ። ፈለቀ ከጀርባዋ ተቀምጦ የጎድን አጥንቶቿን በጣቱ እየቆጠረ መርፌውን አስገባ። ላቡ ከመነጽሩ ሥር ይንጠባጠባል፤ ማራገቢያው ቫይረስ ይበትናል ተብሎ ጠፍቷል። ከመስኮቱ ውጭ ጋትሏክ፣ «ኛቡል!» ይላል። «ዌይ» ትላለች። ዘመዶቿ ያጉረመርማሉ። ቀዶ ሐኪሙ ጀመረ።

«እየቀደደ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አይሰማኝም። ዓሣም እንዲህ ቢሆን ደስ ባለው።»

«ምን አለች?» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«እጅህ ቀሊል ነው አለች» ብዬ መለስኩለት። ያኔ ልጁን ማበረታታት አስፈላጊ ነበር።

ሥራው በደኅና ሄደ። እብጠቱ ከነጡቱ ወጣ። ፈለቀ ከራስጌዋ ንቅንቅ አላለም፤ ጣቷ ላይ የተሰካችው የልብ ምት መለኪያ ትጮሃለች፣ እሱ ያዳምጣል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ጣቱን ወደ ብብቷ ሰደደና ዝም አለ። ያ ልጅ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እዚህም አለ» አለ። «ዕጢዎቹ ደንድነዋል። ካልወጡ የሠራነው ከንቱ ነው።» ሊነካው ሲል ኛቡል ተንዘፈዘፈች። የፈለቀ መርፌ እስከዚያ አልደረሰም ነበር።

«አስተኛት» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«ቃል ገብቼላታለሁ።»

«እና ልታስፈቅዳት ነው? ተከፍታ?»

«ላለመተኛት ነው ፈቅዳ የገባችው» አለ ፈለቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ በየነ፣ እንዳለ ንገሯት። በሽታው ብብቷ ውስጥም አለ። ያንን ለማውጣት ማስተኛት አለብኝ። ካላስተኛኋት እዚህ ላይ ሰፍተን እናቆማለን፣ የቀረው ይቀራል። ምርጫው የሷ ነው።»

ነገርኳት። ጣሪያውን አየች። ከውጭ ስሟ ተጠራ፤ «ዌይ» አለች።

«ይመልሰኛል ወይ ብለህ ጠይቀው» አለችኝ።

ጠየቅሁት። ቀዶ ሐኪሙ፣ «አዎ በላት፣ ይለቅ» አለ።

«አዎ አይበሏት» አለ ፈለቀ። «ሁልጊዜ የሚመልስ ሰው የለም። እስክትነቂ ድረስ ከዚህ ቦታ አልነሳም ብሏል ይበሏት። የምችለው ይህን ነው።»

ቃሉን ላሳምርለት ዳድቶኝ ነበር። የማሳመር ችሎታ እንዳለኝ አንባቢ ያያል። እንዳለ ተረጎምኩት። ኛቡል ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ራስጌዋ ያለውን ፈለቀን ከሥር ወደ ላይ አየችው።

«በሌላው ጊዜ ሁሉም ሰው አዎ ነው የሚለኝ» አለች። «ያስተኛኝ።»

ቱቦ አላስገባም። በራሷ እየተነፈሰች የምትተኛበትን መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጣት፣ የባለ ሪባኗን ሲሊንደር ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረገላት፣ አገጭዋን በጣቱ ደግፎ ይዞ ቆመ። ዓይኗ ክፍት እንደሆነ በእንቅልፍ ሄደች።

«ኛቡል!» አለ ጋትሏክ ከውጭ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ከዚያ የኒሙ ዛፍ ሥር ያለው ጉርምርምታ ቆመና የእግር ድምፅ ወደ መስኮቱ መጣ። አንድ ሙሉ ቤተሰብ መስኮት ላይ ሲቆም ክፍሉ ይጨልማል።

«አባባ በየነ! ገደላችኋት?»

የቀዶ ክፍሉ ነርስ መስኮቱን ልትዘጋ ሮጠች። «ተይው» አላት ፈለቀ። አገጭዋን የያዘውን እጅ ሳይለቅ በሌላው እጁ መለኪያዋን አዞረና ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጋት። ጵ፣ ጵ፣ ጵ ትላለች። «ይህ የልቧ ድምፅ ነው ይበሏቸው። ቃሌን ያፈረስኩት እሷን አስፈቅጄ ነው። አሁን እሷ ስለማትመልስ ልቧ ይመልሳል። ይስሙ።»

ነገርኳቸው። ጋትሏክ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ከዚያ ዘመዶቹን በእጁ ወደ ኋላ መለሳቸው። ወደ ዛፉ ሲመለሱ ማንም አልተናገረም፤ ሕፃን ያዘለችው እንኳ ሕፃኗን ዝም አሰኘች። ጋትሏክ የያዘውን ከዘራ በዚያ ድምፅ ልክ መሬት ላይ በቀስታ መምታት ጀመረ። ድምፅዋ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትዘገይ ከዘራውን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ማሽን አዳምጫለሁ፤ እንደዚያ ቤተሰብ ማሽን ያዳመጠ ሰው አላየሁም።

ቀዶ ሐኪሙ ዕጢዎቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ሰፋ፣ ጓንቱን አውልቆ ወጣ። ፈለቀ ቆሞ ቀረ። ወንበር አቀረብኩለት፤ ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል አለ። ኛቡል የነቃችው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ቀጥሎ ስድቧ።

«ዓሣዬን ማን ሸጠው?» አለች።

ነቅታለች ብዬ በመስኮት ስጮህ ጋትሏክ ከዘራውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ምስጋና አይቀርም። ግብረ ኃይሉ በማግስቱ ፈለቀን ጠራው። እኔም አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ገባሁ፤ አማርኛን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ማስፈለጉን የተቃወመ የለም። ሰብሳቢው፣ አንገታቸው አጭር የሆነ ሰውዬ፣ «ያለ ፈቃድ ንብረት አንቀሳቅሰሃል» አሉት።

«ሪባኑን መልሼ አስሬዋለሁ» አለ ፈለቀ።

«ውስጡ ጎድሏል!»

«እሷ ውስጥ ነው ያለው። ከፈለጋችሁ በመረካከቢያ ቅጽ ልጥራት።»

ለጊዜው በኢታንግ መንገድ ባለው ኬላ የተጓዦችን ሙቀት እንዲለካ ተመደበ። ክልሉ ሰመመን የሚሰጥ ሰው እንደ ጤፍ ተርፎት ስለነበር ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረችው የሥራ ባልደረባው ብቻዋን ቀንና ሌሊት ስትሮጥ፣ ፈለቀ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ የሰው ግንባር ላይ ሲደግን ዋለ። ወዳጆቹ አቤት በል ብለው መከሩት። «እዚህም ሰው ያልፋል» ብሎ ወደ መለኪያው ተመለሰ።

የእብጠቱ ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል የሚልም ነበረበት። የምትውጠው እንክብል ታዘዘላት። ኛቡልን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ብብቷ ከተቀደደ በኋላ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አለ። ሳፋ ደግሞ ራስ ላይ የሚቀመጠው በተነሳ ክንድ ነው። ቁስሉ ሲድን ፈለቀ አንድ ጠዋት ወደ ኬላው ከመሄዱ በፊት ግድግዳ ፊት አቁሟት፣ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንድታስኬድ አሳይቷት ነበር። «ግድግዳ ስትወጣ የምትውለውን ሴት ሰው አበደች አለ» እያለች ታማርርብኝ ነበር፤ ግን ትወጣ ነበር። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። ልጆቿን ጎረቤት ያበላቸዋል። ከካንሰሩ ይልቅ ይህ እንደገደላት አንድ ቀን ነገረችኝ። መዳኗን የምትቆጥረው ሳፋዋን የተሸከመች ቀን ነው።

ዝናቡ ሲያቆም ዓሣ ለማምጣት ኢታንግ እሄዳለሁ አለችኝ። እኔም የውሃ ፓምፕ የምጠግንበት ጉዳይ ነበረኝ፤ አብረን ሄድን። ስንመለስ ኬላው ላይ መኪናው ቆመ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተሰለፈ። ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውለው የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ፍየል የያዘ ሰው፣ ከሁሉም ፊት ኛቡል። ሳፋዋን መሬት ላይ አስቀምጣለች፤ መኪና ላይ የጫንኩላት እኔ ነበርኩ። ፈለቀ ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ግንባሯ ላይ ደግኖ ለካና ቁጥሩን አየ። ከዚያ ማን እንደሆነች አወቀ።

«ማሌ» አላት። የሚያውቃት ኑዌርኛ ይህችው ሰላምታ ናት።

«ማሌ» አለችው።

ሙቀት መለኪያውን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ በየነ፣ ክንዷን ታንሳ ይበሏት።»

ነገርኳት። ኛቡል ሰልፉን አየች፣ እሱን አየች። የቀዶውን ወገን ክንድ አንስታ፣ እስከ ትከሻዋ አድርሳ፣ አለፈች። ጆሮዋ ድረስ። ከዚያም በላይ፣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም። ሕመሙ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ክንዷ ግን አልወረደም። ጎንበስ ብላ ሳፋውን በሌላው እጇ ስትጎትት ልረዳት ስል ገፋችኝ። አንስታ ራሷ ላይ ጫነችው፤ በዚያ ክንድ ያዘችው።

ፈለቀ ቆሞ ቀረ። ከኋላዋ የቆመው የካምፕ ሠራተኛ ይህን አይቶ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ክንዱን አነሳ። ከሱ ኋላ ያለችው ነጋዴ አነሳች። ከመጨረሻ ያለው ሰው ፍየሉን በግራው ይዞ ቀኙን አነሳ። «አዲስ መመሪያ ነው» ሲባባሉ ይሰማኛል። አንዱ፣ «ለብብት ነው፤ ኮሮና ብብት ላይ ይጀምራል ተብሏል» ብሎ አስረዳ። የኬላውን ገመድ የሚጠብቀው ፖሊስ ትእዛዙ ሳይደርሰው በመቅረቱ አፍሮ ግራና ቀኝ አየና እሱም አነሳ። ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ክንዱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆመ፤ ፈለቀም አላረማቸውም፤ ዓይኑ ከኛቡል ክንድ ላይ አልተነሳም።

ኛቡል ከነሳፋዋ ዞራ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አሁን ያውርዱ በላቸው» አለችኝ በኑዌርኛ።

ስንት ዓመት ሳስተረጉም አንድ ቃል ጥዬ አላውቅም። ያንን ግን ትንሽ አቆየሁት።